ሪጽፋን የሚሰብክ ጠፋ

በሴቶች ጉባኤ ላይ ሪጽፋ ስትሰበክ ሰምቼ አላውቅም። ልባም ሴት ትሰበካለች፤ በየዓመቱ፣ በየአዳራሹ፣ በአበባ ባጌጠ መድረክ ላይ። ሣራ ባሏን ጌታዬ ማለቷ ይሰበካል። ሩት አማቷን መከተሏ፣ አስቴር ማማሯ፣ ማርታ ጓዳ መባከኗ ይሰበካል። ከዚያ ሻይ ይጠጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ተባረክን ተባብለን እንበተናለን። የሳኦልን ቁባት፣ የተሰቀሉ ልጆቿን ሬሳ ከአሞራ ስትጠብቅ የከረመችውን እናት የሚያነሳት የለም። ተዘንግታ ቢሆን ባልከፋኝ። ሆን ተብሎ የታለፈች ናት ብዬ አምናለሁ፤ የታለፈችበትንም ምክንያት እናገራለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለዚያች ስለማትቀረው ስለ ልባም ሴት አንድ ነገር ልበል። የምሳሌ መጽሐፍ 31ኛ ምዕራፍ ሁልጊዜ ከቁጥር 10 ይጀመርልናል። ከዚያ በፊት ያሉት ዘጠኝ ቁጥሮች የማን ናቸው? የአንዲት እናት ናቸው። ንጉሥ ልሙኤልን የወለደች፣ ስሟ ያልተጻፈ ሴት፣ ልጇን ፊት ለፊት ታስተምረዋለች። ጉልበቱን በሴትና በመጠጥ እንዳይጨርስ ትገሥጸዋለች፤ ስለ ራሱ መናገር ለማይችለው እንዲናገርለት፣ ለድሀው እንዲፈርድለት ታዝዘዋለች። አንዲት ሴት ለንጉሥ የፍርድ ትምህርት ስትሰጥ ማለት ነው። ይህ ክፍል በሴቶች ቀን አይነበብም። ከቁጥር 10 በኋላ ያለችውም ብትሆን እርሻ አይታ የምትገዛ፣ በእጇ ሥራ ፍሬ ወይን የምትተክል ናት። እኛ ከእሷ የሚወሰድልን በሌሊት መነሣቷ ብቻ ነው።

ወደ ሪጽፋ ልመለስ። ታሪኳ በ2ኛ ሳሙኤል 21ኛ ምዕራፍ ነው። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ተከታታይ ረሃብ ሆነ። ምክንያቱ ሳኦል በገባዖን ሰዎች ላይ ያፈሰሰው ደም መሆኑ ለዳዊት ተነገረው። ዳዊት ገባዖናውያንን ጠርቶ ምን ላድርግላችሁ አላቸው፤ እነሱም ከሳኦል ዘር ሰባት ወንዶች ስጠን አሉ። እግዚአብሔር ሰባቱን ስቀሉ አለ የሚል ቃል እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይህ በሰዎች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። ከሰባቱ ሁለቱ ሪጽፋ ለሳኦል የወለደቻቸው ነበሩ፤ አምስቱ የሳኦል የልጅ ልጆች። በገብስ አጨዳ መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ቀን በተራራው ላይ ተሰቀሉ።

እናቲቱ ማቅ ይዛ ወጣች። ማቁን በዓለቱ ላይ አነጠፈችው። ቀን የሰማይ ወፎች፣ ሌሊት የዱር አራዊት እንዳይነኳቸው ጠበቀች። እስከ መቼ? ውኃ ከሰማይ እስኪወርድባቸው ድረስ ይላል መጽሐፉ፤ ቀኑን አይቆጥርም። በዚያ አገር ገብስ የሚታጨደው በሚያዝያ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥለው በጥቅምት ገደማ። ዝናቡ ወቅቱን ጠብቆ ከመጣ፣ ይህች ሴት በጋውን ሙሉ ከጅብና ከአሞራ ጋር ስትታገል ከረመች ማለት ነው። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በብርድ፣ ዓይኗ እያየ የልጆቿ ሥጋ እየበሰበሰ። ከእሷ ልጆች ጋር የተሰቀሉትን አምስቱንም ጠበቀች፤ የሌላ ሴት ልጆች ናቸው ብላ አልተወቻቸውም።

ከዚህ ቀደምም ስሟ አንድ ጊዜ ተነሥቷል። ሳኦል ከሞተ በኋላ የጦር አዛዡ አበኔር ወደ እሷ ገባ ተብሎ ከሳኦል ልጅ ጋር ተጣላ፤ ጠቡም መንግሥት አናጋ። ያኔ እሷን የጠየቃት የለም። በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ስትናገር አልተጻፈም። ሁለት ኃያላን በሥጋዋ ተጣሉባት፣ ሦስተኛው ልጆቿን ወሰደባት። በዚያ ዘመን እንደ እሷ መብት የሌላት ሰው መፈለግ ይከብዳል፦ ቁባት፣ መበለት፣ የወደቀ ቤተ መንግሥት ትራፊ። ይህች ሴት ናት ንጉሥ ያዘነበለችው።

አዎን፣ አዘነበለችው። ያደረገችውን ለዳዊት ነገሩት። ተነሣና የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች አስመጣ፤ የተሰቀሉትንም አጥንት ሰበሰበ፤ በብንያም ምድር በቂስ መቃብር በክብር አስቀበራቸው። የተሰቀለ ሰው ሬሳ በእንጨት ላይ እንዳያድር የሙሴ ሕግ በዘዳግም 21 ይከለክላል። ሕጉን ንጉሡ ረስቶት ነበር፤ ያስታወሰችው ዓለት ላይ የተቀመጠች ቁባት ናት። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሰባኪዎቻችን ቀስ ብለው ቢያነቡልን በወደድሁ፦ እግዚአብሔር ስለ አገሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ሰባቱ ሲሰቀሉ ሰማ አይልም። ሲቀበሩ ነው የሚለው።

እንግዲህ ይህች ሴት ለምን ትታለፋለች? እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ እሷ ማብራሪያ የሚያስፈልገን ሰዎች ነን? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ተረሽነው የተጣሉ ልጆች እናቶች አሉን። ማልቀስ ተከልክለው፣ ነጠላቸውን ነክሰው ያሳለፉ፣ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ እናቶች። በጥቅምት 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንቱን ሬሳ ሜዳ ላይ እንዳስቀረ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ትግራይ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በይፋ መርዶ የተቀመጠው በጥቅምት 2016 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ሊሞላው ሲል። ሰባት ቀን ለቅሶ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ተዝካር ለምናወጣ ሕዝብ ሬሳ ሳያዩ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ማን ይነግረናል? ሪጽፋ የእኛ ሴት ናት። ለእነዚህ እናቶች ስሟን ያልጠራ መድረክ ስለ መጽናናት የመናገር ሥልጣን ከየት ያመጣል?

የምትታለፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሪጽፋ ከተሰበከች ምእመናን ይጠይቃሉ። ንጉሥ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? በሃይማኖት ስም የተደረገው ስቅላት ትክክል አልነበረም ማለት ነው? ሴት ዝም ብላ ተቀምጣ መንግሥትን ማሳፈር ትችላለች ማለት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሻይና ከዳቦ ጋር አይሄዱም።

እኛ ለሴት ያዘጋጀነው ማጽናኛ አንድ ቃል ነው፤ ቻይው። ደበደበሽ? ቻይው። ሌላ ሴት ጋር ወለደ? ጸልይበት። ደመወዝሽን ወሰደ? መስቀልሽ ነው። ለልጆችሽ ስትይ፤ ለስምሽ ስትይ፤ ለአገልግሎቱ ስትይ። ባልንጀራዬ ይህን ቃል ለዓመታት ስትሰማ ኖራለች። ባሏ ጥርሷን ያረገፈ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች መጡ፣ ደሟ ያልደረቀ ነጠላዋን አዩ፣ አብረዋት አለቀሱ፣ ከዚያም የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብለው ጸልየው ሄዱ። እሷም አልወጣችም። ሌላ ሁለት ልጅ ወለደችለት። ትዕግሥትን አልንቅም፤ የሪጽፋም ነገር ትዕግሥት ነው። የሪጽፋ ትዕግሥት ግን አሞራውን ያባርራል። እኛ የምናስተምረው አሞራው እንዲበላ ዘወር ማለትን ነው።

ገመና አታውጪ የሚሉ ሰዎች አቢግያን አላነበቡም? በ1ኛ ሳሙኤል 25 ባሏ ናባል ዳዊትን ሰድቦ ቤቱን በሙሉ ለሰይፍ ዳረገ። እሷ ለባሏ ሳትነግር ሁለት መቶ እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ የወይን ጠጅ፣ አምስት የተሰናዳ በግ በአህያ ጭና ወጣች። አራት መቶ ሰይፍ የታጠቁ ሰዎችን የሚመራው ዳዊት ፊት ቆማ ባሌ ምናምንቴ ሰው ነው፣ አትስማው አለች። ገመና አወጣች! ዳዊትም ከደም ስላዳንሽኝ ተባረኪ አላት። በዚህ ምዕራፍ ላይ ባሏን አሳጣች ብሎ የሚከሳት ድምፅ አንድም የለም። ለባልንጀራዬ ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ቢያነብላት ኖሮ ጥርሷ ባይተካም ዕድሜዋ ይተርፍ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያበረቱኝ አምስት እኅትማማቾች ናቸው። ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካ፣ ቲርጻ። እነዚህ ስሞች በኦሪትና በኢያሱ መጽሐፍ አራት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተዘርዝረዋል፤ እኛ ግን አንዷን እንኳ ለልጆቻችን አላወጣንም። አባታቸው ሰለጰዓድ ወንድ ልጅ ሳይተው በምድረ በዳ ሞተ። በዘኍልቍ 27 ላይ ተነሥተው በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ፣ በሙሴ ፊት፣ በካህኑ በአልዓዛር ፊት፣ በአለቆችና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሙ። ሽማግሌ አላኩም። ጥግ ይዘው አላለቀሱም። ክርክራቸውን አደራጅተው መጡ፦ አባታችን ከቆሬ ወገን ጋር አላመፀም፣ ወንድ ልጅ ስለሌለው ስሙ ከወገኑ ስለምን ይጠፋል፣ በአባታችን ወንድሞች መካከል ርስት ይሰጠን። ሙሴ ሕግ የተሰጠው ሰው ሆኖ ሳለ መልስ አልነበረውም። ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም እውነት ተናግረዋል፣ ስጣቸው አለ። በእነሱም ምክንያት ለእስራኤል ሁሉ የሚሠራ የውርስ ሕግ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ። አልቆመም፤ በ36ኛው ምዕራፍ የወገናቸው አባቶች መጥተው ርስቱ ከነገዳችን ይወጣብናል ብለው ተከራከሩ፣ ልጆቹም ከአባታቸው ነገድ ብቻ እንዲያገቡ ተወሰነባቸው። የዘመኑን ግድግዳ እስከ መጨረሻው አላፈረሱትም፤ ፍጹም ድል አድርጌ አላቀርበውም። የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሙሴ ሞተ። ዮርዳኖስ ተሻገሩ። ምድሪቱ ስትከፋፈል፣ በኢያሱ 17 ላይ፣ እነዚሁ አምስት ሴቶች እንደገና በአልዓዛርና በኢያሱ ፊት ቆመው እናገኛቸዋለን። ከእግዚአብሔር አፍ የወጣ ፍርድ በእጃቸው እያለ! የመጡት እግዚአብሔር ለሙሴ ያዘዘውን ለማስታወስ ነው። ፍርድ አግኝተው ነበር፤ መሬቱን ግን ገና አልተረከቡም። ሄደው ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም።

ይህን ታሪክ በቀበሌና በፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰች የአገሬ ሴት ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በማፍራት፣ በማስተዳደርና በመውረስ፣ በመሬትም ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ያን የታዛዥነት አንቀጽ አነሣው፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ተብሎ እንደሚገመት ጻፈ። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የመሬት ደብተር ታደለ። ሁሉም መልካም ነው፤ የታገሉለትን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስንቷ ናት ደብተሩ ላይ ፎቶዋ እያለ ከእርሻው የተባረረችው? ስንቷ ናት ቤቱ በሱ ስም ነው ተብላ የልጆቿን ልብስ በፌስታል ቋጥራ የወጣችው? አንቀጽ 635 ከሕጉ ወጥቷል። ከመድረካችን ግን አልወጣም፤ በየሠርጉ ይሰበካል።

በዚህ ላይ ሳለሁ ፈጥኜ የማነሣቸው አሉ። ሲፓራና ፉሐ የፈርዖንን ትእዛዝ ያልፈጸሙ አዋላጆች ናቸው፤ የንጉሡን ስም ኦሪት ዘጸአት አልነገረንም፣ የሁለቱን ሴቶች ስም ግን ጽፎልናል። ሕልዳና ነቢዪት ናት፤ በኢዮስያስ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ሲገኝ ኤርምያስ በአገሩ እያለ፣ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስና ጸሐፊው ሳፋን ለመጠየቅ የሄዱት ወደ እሷ ነው። መጽሐፉ እውነት መሆኑን ያጸናች ሴት ናት፤ ዛሬ በስንት ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን ለማብራራት ይፈቀድላት ነበር?

የንዕማንን ቤት ብላቴና ግን በፍጥነት አላልፋትም። እሷ ትሰበካለች፤ የምትሰበክበት መንገድ ነው የሚያንገበግበኝ። በ2ኛ ነገሥት 5 የሶርያ ወራሪዎች ከእስራኤል የማረኳት ታናሽ ልጅ በጦር አለቃው ቤት ለእመቤቷ ታገለግላለች። ጌታዋ ለምጻም መሆኑን አይታ በሰማርያ ያለው ነቢይ ይፈውሰው ነበር አለች። ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ እኅቶች በሚደረግ የሽኝት ጸሎት ላይ ይህን ታሪክ ሰምቼዋለሁ፦ እንደ ብላቴናይቱ ታማኝ ሁኑ፣ ለአሠሪያችሁ በረከት ሁኑ። በረከትነቷን አልክድም። ግን ልጅቷ የተሰረቀች ናት! ንዕማን ዳነ፤ ዳነና ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት በቅሎ የሚሸከመው የእስራኤል አፈር ይሰጠኝ ብሎ ለመነ። የአገሯን አፈር ሊወስድ ለመነ፤ እሷን ወደ አገሯ መለሳት የሚል ቃል ግን የትም የለም። በሰኔ 2012 ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ከቆንስላችን ደጅ ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸው ልጆቻችንን ያየ ሰው ይህን ታሪክ በአገልግሎት ስብከት ሊዘጋው እንዴት ይችላል? ለሚሄዱት እኅቶች የሚያበረታ ቃል ካለን ይህ ይሁን፦ ያልተከፈለ ደመወዝሽን የሚጠይቅልሽ፣ የተነጠቀ ፓስፖርትሽን የሚያስመልስልሽ ሕዝብ ከኋላሽ አለ። ሕዝቡ ግን ይኑር እንጂ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ሁሉ ማበረታቻ ይጨመቃል ብዬ አልዋሽም። በመሳፍንት 19 የሌዋዊው ቁባት አለች። ጌታዋ በገዛ እጁ ለወንበዴዎች አውጥቶ ሰጣት፤ ሌሊቱን አዋረዷት፤ ጎሕ ሲቀድ በደጃፍ ወድቃ እጇ በመድረኩ ላይ ነበር። ከዚህ ምንም መጽናኛ አልፈልግም፤ እናገኝበታለን የሚለኝንም ሰባኪ አልሰማውም። መጽሐፉ ራሱ ያየ ሁሉ እንዲመክርበትና እንዲናገርበት ነው የሚጠራው። እኛ ግን ምዕራፉን ለልጆች አይሆንም ብለን ዘለልነው፤ ለአዋቂዎችም አላነበብነው።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። አንዱ ጳውሎስ ነው፤ ሴት በማኅበር ዝም ትበል ብሏል ይሉኛል። ይኸው ጳውሎስ በሮሜ 16 የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነችውን ፌቤንን አደራ ብሎ ለሮም ክርስቲያኖች ያስረክባል፤ ለእኔም ለብዙዎችም ደጋፊ ነበረች ይላል፤ ጵርስቅላን ከባሏ አስቀድሞ ይጠራል። አንዱን ጥቅስ በቃላችን ይዘን ሌላውን የስም ዝርዝር ነው ብለን የምናልፍ ከሆነ ጳውሎስን አላከበርነውም።

ሁለተኛው መልስ ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው የሚለው ነው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ወለተ ጴጥሮስን ረስተዋታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲገቡ የእሳቸው ባለሟል የሆነውን ባሏን ትታ የመነነች፣ በንጉሡ ጉባኤ ፊት ቀርባ ሃሳቧን ያልለወጠች፣ በጣና ዙሪያ ማኅበር ሰብስባ የመራች ሴት ናት። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏ በግእዝ ተጽፏል፤ ቅድስት ተብላ ትከበራለች። ባልሽን ቻይው ያላት ቢኖርም አልሰማችውም። ፈረንጅ አላስተማራትም፤ የተቃወመችው የፈረንጅን ትምህርት ነው።

ባልንጀራዬ ዘንድሮ ክስ መሥርታለች። የጋራ ቤቷን ድርሻ ትጠይቃለች፤ ለድብደባውም ማስረጃ አቅርቢ ተብላለች። በእጇ ያለው የሕክምና ወረቀት የአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ጊዜያት ሐኪም ጋ እንዳትሄድ የመከሯት እነማን እንደሆኑ ተናግሬአለሁ። ዘኍልቍ 27ን አብረን አንብበናል፤ ኢያሱ 17ንም። ቀጠሮዋ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አብሬአት እሄዳለሁ፤ ሌሎች ሴቶችም ይመጣሉ። እነዚያ ሽማግሌዎች ግን ደሙን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ልባቸው ድንጋይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስማቸው በምስክርነት ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል፣ መጥሪያው ደርሷቸዋል። ይምጡና ያዩትን ይመስክሩ።